የሸማኔው ልጅ አውሮፕላን

አማርኛ አንዳንዴ እኛ ያላስተዋልነውን አስተውሎ ይቀመጣል። በአገር ልብስ ጠርዝ ላይ በቀለም የሚሸመነውን ጌጥ «ጥበብ» እንለዋለን። ንጉሥ ሰሎሞን ከፈጣሪው የለመነውንም «ጥበብ» ነው የምንለው። ሠዓሊው፣ ዘፋኙና ደራሲው «የጥበብ ሰዎች» ናቸው፤ መድረክ ላይ ወጥተው ይጨበጨብላቸዋል። ብረት አግሎና ቀጥቅጦ ማረሻ የሚያወጣው ሰውዬ ግን «ጠይብ» ነው። ጠይብ ማለት ጠቢብ ማለት ነው። እኛ ግን ከአንድ ሥር የበቀለውን ቃል ለሁለት ሰንጥቀን፣ ግማሹን ለምርቃት ግማሹን ለስድብ አዋልነው።

እኔ የምኖረው ጉለሌ ነው። ጉለሌን ለማያውቀው ሰው ከእንጦጦ ሥር ያለው ሰሜናዊው አዲስ አበባ ብሎ ማለፍ ይቻላል። ለሚያውቀው ግን ጉለሌ የእጅ ሥራ ሰፈር ነው። ለበዓል ነጭ ልብስ ያማረው ሰው ወደ ሽሮ ሜዳ ይወጣል። ከጋሞ ደጋ የመጡ ሸማኔዎችና ልጆቻቸው እዚያ ዘመናቸውን ሙሉ ድርና ማግ ሲያገናኙ ኖረዋል። ጀበናና ምጣድ የሚፈልግ ደግሞ ቀጨኔ ይሄዳል። ከከተማችን ሰው ጀርባ ላይ ያለው ነጠላና ከምድጃው ላይ ያለው ጀበና እንዴት እንደሚሠራ ጉለሌ ያውቃል። ከዚህ ሁሉ በኋላ ሸማኔው ምን ሲባል እንደኖረ፣ ሸክላ ሠሪዋ በምን ዓይን ስትታይ እንደኖረች እናንተም ታውቁታላችሁ፤ እኔ አልደግመውም።

ዳግማዊ ምኒልክ ሠራተኛን በሥራው መስደብን በአዋጅ የከለከሉት በ1900 ዓ.ም. ነው። አናጺውን፣ ሸማኔውን፣ ቀጥቃጩን የምትሰድቡ ሰዎች አገሬን ባለሙያ ልታሳጧት ነው፣ ከእንግዲህ የሚሰድብ ይታሰራል የሚል ነበር የአዋጁ መንፈስ። ይኸው አዋጁ ከወጣ ከመቶ ዓመት በላይ ሆነው። ስድቡ ከአፍ ቢጠፋም ከዓይን አልጠፋም። ዛሬ ማንም ሰው ሸማኔን ፊት ለፊት አይሰድብም፤ ግን ልጁ ሸማኔ እንዲሆን የሚመኝ አባት ፈልጋችሁ አምጡልኝ። ሸማኔው ራሱ እንኳ አይመኝም።

ይህን ሁሉ እንዳወራ ያነሣሣኝ አንድ አውሮፕላን ነው።

ከቤታችን አጥር ማዶ የሚኖሩት ጎረቤቴ ሸማኔ ናቸው። አንድ ወንድ ልጅ አላቸው። ልጁ የ12ኛ ክፍል ፈተና የወሰደው ከ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች ጋር ነው። የዚያን ጊዜውን ውጤት ታስታውሳላችሁ፤ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ከተፈታኞቹ 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። የእኛ ሰፈር ልጅ ከቀሩት ከ96 በላዩ ውስጥ ነው። አባቱ ለአንድ ሳምንት ከሰው አልተነጋገሩም። እናቱ ቤት ውስጥ ሰው የሞተ ይመስል ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነው የሚያወሩት። የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል እንዲሉ፣ ሰፈሩም አልማረውም። የእሱ እኩዮች አገሩን ሙሉ ሞልተው እያለ፣ እሱ ብቻ የወደቀ ይመስል ነበር።

ልጁ ከዚያ በኋላ ሞባይል የሚጠግን አንድ ሱቅ ገባ። ቀን ቀን ስልክ ይፈታል፣ ይበይዳል። ማታ ማታ ደግሞ ከአባቱ ሽመና ጥግ ቁጭ ብሎ አውሮፕላን ይሠራል። መጫወቻ ሱቅ ገብታችሁ የምትገዙትን ዓይነት አይደለም። ከምድር ሆነው በሬዲዮ የሚያዝዙትን፣ በራሱ ሞተር ተነሥቶ የሚበርን አውሮፕላን ከዜሮ ጀምሮ ነው የሚሠራው። ሰፈሩ ወዲያው «ፓይለቱ» የሚል ስም አወጣለት። ስሙ የሙገሳ እንዳልሆነ ከሳቁ ያስታውቃል።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ገብቼ ሥራውን አየሁለት። እስቲ ከምን ከምን እንደሠራው ልንገራችሁ። የአውሮፕላኑ ገላ ቴሌቪዥን ሲገዛ በካርቶኑ ውስጥ ዕቃውን አቅፎ የሚመጣው ነጭ ፎም ነው። ከክንፉ አንዱ ጫፍ እስከ ሌላው የሚሄደው አጥንት የተሰነጠቀና የተላገ ቀርከሃ ነው። የክንፉ የጎድን አጥንቶች ያው ፎም ሆነው፣ ከላይ የለበሰው ስጦታ የሚጠቀለልበት ስስ ላስቲክ ነው። ሞተሩን ያገኘው ምናለሽ ተራ ከተጣለ የኮምፒውተር ሲዲ ማጫወቻ ውስጥ ነው። ሲዲ የምታሽከረክረዋን ትንሽ ሞተር ፈትቶ፣ ማግኔቷን በጠንካራ ማግኔት ቀይሮ፣ የመዳብ ሽቦውን እንደገና ጠመጠመው። ባትሪው ሞተ ከተባለ ላፕቶፕ ውስጥ በሕይወት የተገኙ ሁለት ድንጋዮች ናቸው። ምናለሽ ተራን «የወዳደቀ ዕቃ መሸጫ» የምትሉ ካላችሁ ልጁ አይስማማም። «ጋሼ፣ እዚያ የወደቀ ዕቃ የለም፤ ገና ያልተነሣ ነው እንጂ» አለኝ።

በገንዘብ የገዛው ሦስት ነገር ብቻ ነው። አርዱይኖ የምትባለዋን ትንሽ የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ ከነሬዲዮዋ ሁለት፣ የሞተሩን ፍጥነት የምትመጥን ዕቃ፣ እና ሰርቮ የሚባሉ ሁለት ጥቃቅን ሞተሮች። አሠራሩን እንዲህ ሲል አስረዳኝ። አንደኛዋ ሰሌዳ በእጁ ትቀራለች፤ ሁለተኛዋ አውሮፕላኑ ላይ ትሳፈራለች። በእጁ ያለውን ዘንግ ወደ ግራ ሲገፋ፣ የዘንጉ ቦታ ወደ ቁጥር ተለውጦ በሬዲዮ ይሄዳል። አውሮፕላኑ ላይ ያለችው ሰሌዳ ቁጥሩን ተቀብላ ለሰርቮው በሰከንድ 50 ጊዜ አጭር የኤሌክትሪክ ምት ትልክለታለች። ምቱ ከሰከንድ አንድ ሺህኛ እስከ ሁለት ሺህኛ ይረዝማል። አጠር ሲል ሰርቮው በአንድ በኩል ይዞራል፣ ረዘም ሲል በሌላው። ሰርቮው የጭራውን ክንፍ በሽቦ ይጎትታል። በቃ፣ ይኸው ነው። ይህንን የነገረኝ ፊዚክስ ወድቋል የተባለው ልጅ ነው።

ከሁሉ የገረመኝ ግን የክንፉ ልክ ነው። ልጁ መነሻ ያደረገው ንድፍ 96 ሳንቲ ሜትር ክንፍ ነበረው። እሱ 120 አደረገው። ለምን ስለው፣ «ያ ንድፍ የተሠራው ባሕር ዳርቻ ለሚኖር ሰው ነዋ!» አለኝ። ነገሩ ወዲህ ነው። ክንፍ አውሮፕላንን የሚሸከመው አየር ተደግፎ ነው። ጉለሌ ደግሞ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር አካባቢ ላይ ነው የተቀመጠችው። በዚህ ከፍታ አየሩ ይሳሳል፤ ክብደቱ በባሕር ጠረፍ ካለው አየር ከ100 እጅ 78ቱ ቢሆን ነው። ስለዚህ ወይ በ13 በመቶ ግድም ፈጥኖ መብረር፣ ወይ ክንፍን በሩብ ያህል ማስፋት ግድ ነው። ልጁ ማስፋቱን መረጠ። የቦሌ ማኮብኮቢያ ወደ 3,800 ሜትር መርዘሙ ያለ ምክንያት አይደለም፤ ትልቁም አውሮፕላን በስስ አየር ላይ ለመነሣት ረጅም ሩጫ ይፈልጋል። እንግዲህ ከሰው አገር የመጣን ነገር እንዳለ አለመገልበጥ፣ ከራስ አየር ጋር ማስማማት ማለት ይኸው ነው። እኛ በየስብሰባው «ከነባራዊ ሁኔታችን ጋር አጣጥመን» የምንለውን እሱ በማስመሪያ ሠራው።

አሁን ወደ አባትየው ልምጣ። አባት ይህን ሁሉ ጊዜ ጀርባቸውን ሰጥተው ይሸምናሉ። ከመወርወሪያው ድምፅ በቀር ቃል አይወጣቸውም። አልፎ አልፎ ብቻ፣ «ይኼ ነገር ምን ያበላል?» ይላሉ። ጥያቄው የክፋት አይደለም። ዕድሜውን ሙሉ ጉድጓድ ውስጥ እግሩን ሰዶ፣ ጎንበስ ብሎ የሸመነ ሰው ለልጁ የሚመኘው ወንበርና ጠረጴዛ ነው። ልጁ ግን ፈተናውን ወደቀና ተመልሶ በእጁ የሚሠራ ሰው ሆነ። ለአባትየው ሕመሙ እዚህ ላይ ነው። «እኔ ከዚህ ጉድጓድ ላወጣው ስለፋ፣ እሱ ሌላ ጉድጓድ ቆፈረ» አሉኝ አንድ ቀን።

የመጀመሪያው ሙከራ ያለ ሞተርና ያለ ሬዲዮ ነበር። አሠራሩ ሲፈተሽ እንዲህ ነው የሚደረገው፤ አውሮፕላኑን በእጅ ወርውሮ እንዴት እንደሚንሳፈፍ ማየት። ከሁሉ በፊት ግን ሚዛኑ ይታያል። ክንፉን ከፊተኛው ጠርዝ አንድ አራተኛ ያህል ወደ ኋላ ገባ ብሎ በሁለት ጣት ከሥር መደገፍ ነው። አፍንጫው በጥቂቱ ካዘነበለ መልካም። ጭራው ከከበደ ግን አውሮፕላኑ ቀና ቀና ይልና ፍጥነቱ ሲያልቅበት እንደ ድንጋይ ይወድቃል። ልጁ ባትሪውን ወደ ፊት ገፋ አድርጎ ሚዛኑን አስተካከለ። ከዚያ ሰው ሳይበዛ በማለዳ ከሰፈራችን የኳስ ሜዳ ወጣን።

ወረወረው። አውሮፕላኑ ጥቂት ሄደና ወደ ቀኝ ታጥፎ ወደቀ። አነሣው፣ ወረወረው፤ አሁንም ወደ ቀኝ። ጭራውን አስተካከለ፤ ወደ ቀኝ። ለኳስ የመጡ ልጆች ከበውን መሣቅ ጀመሩ። በስድስተኛው የአፍንጫው ፎም ተሰበረና ተሸክመነው ተመለስን።

ልጁ ሁለት ማታ ምክንያቱን ሲፈልግ አመሸ። ክንፎቹን መዘነ፤ እኩል ናቸው። ርዝመታቸውን ለካ፤ እኩል ነው። በሦስተኛው ማታ አባት ሽመናቸውን አቆሙ። ተነሥተው መጡና ክንፉን ተቀብለው ዓይናቸው አጠገብ አደረጉት። በአውራ ጣታቸው ላስቲኩን ከጫፍ እስከ ጫፍ ዳሰሱት። «ድሩ እኩል አልተሳበም» አሉ። «በዚህ በኩል ጠብቋል፣ በዚያ በኩል ላልቷል። የጠበቀው ቀርከሃህን ጎትቶ አጣሞታል። እንዲህ ያለ ድር ላይ ማግ ብታስገባ ሸማው ይንጋደድ ነበር።»

እውነት ነበር። በዓይን የማይታይ መጣመም ነው፤ ግን ለአየር ይታየዋል። አባትየው በዚያው ማታ የቀኙን ክንፍ ልብስ አወለቁና በራሳቸው እጅ መልሰው ሳቡት። የትኛው ጣት ስንት እንደሚጎትት ከአርባ ዓመት በላይ የሚያውቅ እጅ ነው። ልጁ ዝም ብሎ ያያል። እኔ እንኳ አንድ ቃል ብናገር ነገሩ የሚበላሽ መስሎኝ ዝም አልኩ።

በማግስቱ ማለዳ አባትም አብረውን መጡ። አውሮፕላኑ ከልጁ እጅ ወጥቶ ቀጥ ብሎ ተንሳፈፈ፤ ሣሩ ላይ በሆዱ ተንሸራቶ ቆመ። አባት ሄደው በእርምጃቸው ለኩት፤ 31 እርምጃ። ኦርቪል ራይት ታኅሣሥ 17 ቀን 1903 እ.ኤ.አ. በዓለም የመጀመሪያ የሚባለውን በሞተር የታገዘ በረራ ሲያደርግ በ12 ሰከንድ የሄደው 36 ሜትር ተኩል ነበር። ማወዳደሬ አይደለም፤ ግን ሁሉም ነገር ከጥቂት እርምጃ እንደሚጀምር ለማስታወስ ነው። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል።

የራይት ወንድማማቾችን ነገር ካነሣን አይቀር፣ የመጀመሪያው አውሮፕላናቸው መጫወቻ እንደነበር ታውቃላችሁ? በ1878 እ.ኤ.አ. አባታቸው ከቡሽ፣ ከቀርከሃና ከወረቀት የተሠራ፣ በጎማ ጥምዝ የሚበር ትንሽ መጫወቻ አመጡላቸው። እስኪሰበር ተጫወቱበት፤ ሲሰበር ራሳቸው ሠሩት። አድገው ብስክሌት ጠጋኞች ሆኑ። ዩኒቨርሲቲ የገባ ከሁለቱ አንድም የለም። በሬዲዮ የማዘዙም ነገር ታሪኩ ተመሳሳይ ነው። ኒኮላ ቴስላ በ1898 እ.ኤ.አ. ኒው ዮርክ ውስጥ ያለ ሽቦ የሚያዛት ትንሽ ጀልባ ለሕዝብ ሲያሳይ አስማት ነው ያለው ሰው ጥቂት አልነበረም። ለካ የባለሙያን እጅ በጥርጣሬ ማየት የእኛ ብቻ አይደለም! ልዩነቱ፣ እነሱ ቆየት ብለው አስማተኛ ያሉትን ሰው ሐውልት አቆሙለት። በ1937 እ.ኤ.አ. ደግሞ ዋልተርና ዊልያም ጉድ የተባሉ አሜሪካውያን መንትዮች በሬዲዮ የሚታዘዝ ሞዴል አውሮፕላን ሠርተው አበረሩ። ዛሬ ያ አውሮፕላን በስሚዝሶኒያን የበረራ ሙዚየም ስብስብ ውስጥ ነው። አስቡት፤ የሁለት ወጣቶች መጫወቻ በሙዚየም!

ይህ ሁሉ የፈረንጅ አገር ወሬ ነው የሚል ካለ ወደ ራሳችን እንመለስ። የመጀመሪያው አውሮፕላን አዲስ አበባ የደረሰው ነሐሴ 12 ቀን 1921 ዓ.ም. ነው፤ ፖቴዝ 25 የተባለ የፈረንሳይ ሥሪት። ከዚያ ገና ሰባት ዓመት ሳይሞላ፣ በ1928 ዓ.ም. ፀሐይ የተባለች አውሮፕላን እዚሁ አገር ውስጥ ተሠርታ በረረች። የነደፋት ጀርመናዊው መሐንዲስ ሉድቪግ ቬበር ነው፤ በሥራው ኢትዮጵያውያን ነበሩበት። ስሟ የንጉሠ ነገሥቱ ልጅ የልዕልት ፀሐይ ነው። በዚያው ዓመት ጣሊያን አዲስ አበባ ገባና ወሰዳት፤ ሮም አጠገብ በሚገኝ የአየር ኃይል ሙዚየም ለብዙ ዘመን ተቀመጠች። የተመለሰችው በጥር 2016 ዓ.ም. ነው። ከ88 ዓመት በኋላ!

ስትመለስ ደስ ብሎናል፤ ይገባልም። እኔን የሚያሳስበኝ ግን ሌላ ነው። የቬበርን ስም ዛሬም እናነሣለን። ፎረፎሩን የላጉትን፣ ሸራውን የወጠሩትን የእኛን ሰዎች ስም ግን በመንገድ የምታገኙትን ሰው ጠይቁት፤ አንድ የሚነግራችሁ አታገኙም። አውሮፕላኗን አስመለስን፤ እጆቹን ግን ገና አላስመለስንም።

በቅርቡ ዘመንም አስመላሽ ዘፈሩ የሚባል የጤና ባለሙያ ነበረላችሁ። አብራሪ ለመሆን አመልክቶ በቁመቱ በአንድ ሳንቲ ሜትር አነስክ ተባለ። ሌላው ሰው ቢሆን ዕጣ ፈንታዬ ነው ብሎ ይቀመጥ ነበር። እሱ ግን በመጽሐፍና በኢንተርኔት ተምሮ ሰው የሚጭን አውሮፕላን ሠራ። ሞተሩ የቮልስዋገን መኪና ነው፤ 40 የፈረስ ጉልበት ያለው። ስሟን ኬ-570ኤ አላት፤ «ኬ» ለእናቱ ለኪሮስ፣ 570 ደግሞ ሠርቶ ለመጨረስ የወሰደበት ቀን ነው። በ2007 ዓ.ም. ለማብረር ያደረገው ሙከራ አልቀናውም። የዓለም የዜና ማሰራጫዎች በአድናቆት ዘገቡለት። እኛስ? እኛ ገሚሶቻችን የጠየቅነው «በረረች ወይስ አልበረረችም?» ብቻ ነው። አልበረረችም ሲባል ፋይሉን ዘጋን። 570 ቀን ሙሉ ሰውየው ምን ተማረ ብሎ የጠየቀ ጥቂት ነው።

ፈተና ላይም እንዲሁ ነን። አለፈ ወይስ ወደቀ? የእኛ ሰፈር ልጅ አውሮፕላን ስድስት ጊዜ ወደቀ፤ እያንዳንዱ አወዳደቅ ግን «ወደ ቀኝ» የሚል መልእክት ነበረው። መልእክቱን የሚያነብ ሰው ሲገኝ ችግሩ በአንድ ማታ ተፈታ። 3.3 በመቶ ያልነውን ውጤት እንዲህ ያነበብነው ይመስላችኋል? ልጆቹ ወደቁ ብለን አለፍን እንጂ ሸማው ወዴት ተንጋደደ፣ ድሩ የቱ ጋ ላላ ብለን በአውራ ጣት የዳሰስነው አይመስለኝም።

አሁን የመጨረሻው ችግር ቀረ። አውሮፕላኑ ይንሳፈፋል። ሞተሩ ይዞራል። ሬዲዮው በምድር ላይ ተፈትኖ ጭራውን ወደ ፈለገው ያዞራል። ቀጥሎ ማብረር ነዋ! እዚህ ላይ ግን እናትየው ገቡ። «ልጄ፣ ይኼን ነገር ድሮን ነው ቢሉህስ?» አሉት።

እናትየው አልተሳሳቱም። ድሮን የሚለው ቃል በአገራችን ያለፉት ዓመታት ትዝታው ከባድ ነው፤ ሰማይ ላይ የሚጮህ ነገር ሲሰማ ልቡ የሚደነግጥ ብዙ ወገን አለ። ሕጉም ቢሆን ድሮን ያለ ፈቃድ ማስገባትንም ማብረርንም ይከለክላል፤ ፈቃዱም ከኢንፎርሜሽን መረብ ደኅንነት አስተዳደር የሚወጣ ነው። ከሩቅ ለሚያይ ሰው ደግሞ የፎም ክንፍና የብረት ክንፍ ልዩነት የለውም። አውሮፕላን የሚመላለስበት፣ ቤተ መንግሥት ያለበት ከተማ ላይ ማንም እንደፈለገው ያብርር አልልም። ጥንቃቄው ተገቢ ነው። እናም በእናትየው ቃል ተስማማን፤ ፈቃድ ሳይገኝ ሞተሩ አየር ላይ አይነሣም። ልጁ አንገቱን ደፍቶ ባትሪውን አወጣ።

ግን እስቲ አብረን እናስብ። ኳስ ለሚጫወት ልጅ ሜዳ እንከልላለን። የኳስ ሜዳ የሌለው ሰፈር አስፋልት ላይ ይጫወትና መስኮት ይሰብራል። አንድ ነገር መስኮት ይሰብራል ብለን ኳስን አልከለከልንም፤ ሜዳ ፈለግንለት። በአሜሪካ ለመዝናኛ የሚበር፣ 250 ግራምና ከዚያ በላይ የሚመዝን ሞዴል አውሮፕላን ባለቤት ይመዘገባል፤ ከ400 ጫማ፣ ማለትም ከ120 ሜትር በላይ አያበርርም፤ ማኅበራትም የታወቀ ሜዳ አላቸው። ይኸው ነው ጥበቃው። ከከተማ ወጣ ያለ አንድ ሜዳ፣ ስም የሚመዘገብበት አንድ መዝገብ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ የሚገኝ አንድ ኃላፊ ቢኖር የትኛው ልጅ ምን እንደሚሠራ መንግሥትም ያውቃል፤ ልጁም ተደብቆ አይሠራም። ከሚደበቅ ጠቢብ የሚመዘገብ ጠቢብ አይሻልም?

ደግሞም በሬዲዮ ማዘዝ ለጉለሌ አዲስ ነገር አይደለም። በታኅሣሥ 2012 ዓ.ም. ከቻይና የተወነጨፈችው የኢትዮጵያ የመጀመሪያ ሳተላይት ምድራዊ ጣቢያዋ የተሠራው ከእኛው በላይ እንጦጦ ላይ ነው። ያኔ ሁላችንም ቀና ብለን ኮርተናል። ሳተላይትን የሚያዝዝ መሐንዲስ ከሰማይ አይወርድም። ልጅ ሆኖ የሆነ ነገር ሠርቶ፣ ያ ነገር ወድቆበት፣ ለምን ወደቀ ብሎ ሁለት ማታ ያመሸ ሰው ነው። ተራራው አናት ላይ ያለውን እያደነቅን ግርጌው ላይ ያለውን «ፓይለቱ» እያልን ከሣቅንበት ተራራውን ማን ይወጣዋል?

«ይኼ ነገር ምን ያበላል?» ለሚለው የአባትየው ጥያቄ መልስ አለኝ ብዬ አልኩራራም። ምናልባት ልጁ ነገ ከነገ ወዲያ መሐንዲስ አይሆን ይሆናል። እዚያው ሱቅ ስልክ ሲጠግን ሊኖር ይችላል። ቢሆንም አንድ ነገር አይቻለሁ። ይህ ልጅ ለሦስት ዓመት ሰው ሲያየው ዓይኑን ይሰብር ነበር። አሁን ስለ ክንፉ ሲጠይቁት ቀና ብሎ ይናገራል። አባቱም ቢሆኑ፣ ያ ሲያፍሩበት የኖሩት ሙያ ክንፍ ሊያቃና እንደሚችል ስልሳ ዓመት ካለፋቸው በኋላ አዩ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የሚለውን ተረት ሁላችንም እናወራዋለን፤ ድሩን የሚያውቁት ግን እሳቸው ናቸው።

አውሮፕላኑ አሁን ከአባትየው ሽመና በላይ ከጣራው ላይ ተንጠልጥሏል። መወርወሪያው ከወዲያ ወዲህ በሄደ ቁጥር በጥቂቱ ይወዛወዛል። ባለፈው ሰሞን ለበዓል ነጠላ ልትገዛ የመጣች አንዲት ደንበኛ አንጋጠጠችና፣ «ጋሼ፣ ይቺ ጌጥ ስንት ናት?» አለቻቸው።

አባትየው ሥራቸውን ሳያቆሙ መለሱላት። «እሷ አትሸጥም። ጌጥም አይደለችም። ልጄ የሠራት አውሮፕላን ናት፤ ክንፏን የሳብኩት እኔ ነኝ።»